በኤልሳዕ ልክ የተሰፋ ወንበር

ሰውን የማውቀው በአቀማመጡ ነው። ሐኪም ምላስህን አውጣ ይላል፤ እኔ ደግሞ የተቀመጥክበትን አሳየኝ እላለሁ። ፈላና በር አጠገብ የመኪና ወንበር ስሰፋ ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎኛል፤ የመጣልኝ ወንበር ሁሉ የባለቤቱን ጠባይ ይዞ ነው የመጣው። ቁጡ ሹፌር የወንበሩን ጠርዝ ይጨርሳል። ፈሪው ወደፊት አጎንብሶ ስለሚነዳ መደገፊያው አዲስ እንደሆነ ይቀራል። የኤልሳዕ ወንበር ግን መሀሉ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ብቻ ነበረው፤ ድመት ተኝታበት የተነሣች ይመስል ነበር። ከማንም ጋር ቦታ የማይሻማ ሰው ነው። የማወራው ስለሞተ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ዛሬም ጠዋት ጡሩምባ ነፍቶልኝ አልፏል።

ኤልሳዕ ቅድመ አያቶቹ ከሸዋ መጥተው ሐረር የቀሩ የከተማ ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ ወታደር ጋራዥ ገብቶ ኡራል ሲፈታና ሲገጥም ኖረ። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ቤቱ ገባ። ባለቤቱ ዕፀገነት እስከ ዛሬ ታነሣበታለች፤ "ሌላው ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ የኔው አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ኪሱ ከትቶ መጣ" እያለች።

ሥራ አልነበረም። ሐዋ የምትባል ባሏ የሞተባት የጀጎል ሴት የባሏን ታክሲ፣ ፔጆ 404፣ በእምነት ሰጠችውና መንዳት ጀመረ። እንግዲህ ሐረር ውስጥ ታክሲ መንዳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የነዳ ያውቀዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ አህያው አለ፣ ቅርጫት የተሸከመችው አለች፣ መሀል አስፋልት ቆሞ የወዳጁን ቤተሰብ አንድ በአንድ የሚጠይቀው ሰውዬ አለ። ከፈላና በር ሸዋ በር፣ ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ፣ ተመልሶ ፈላና በር። የዚህ ከተማ ባለታክሲ ዕድሜውን በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚጨርሰው። ሦስተኛ ካስገባ ቀኑ እሑድ ነው። አራተኛውን ማርሽ የፔጆ ሰዎች ለምን ብለው እንደጨመሩት እንጃ።

ኤልሳዕ ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር። "ዓለሙ" ይለኛል ቀን ሲቀዘቅዝ ደጄ ቁጭ ብሎ፣ "አንድ ቀን አራተኛ አስገብቼ፣ እስከ መጨረሻው ረግጬ ልሂድ አቦ። አንድ ቀን ብቻ።"

"ድሬዳዋ ስትወርድ አስገባዋ" እለዋለሁ።

"መንገዱ ላይ ሰው አለ። እኔ የምለው የተዘጋ መንገድ ነው። ከፊቴ ሰውም ከብትም የሌለበት።"

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ገጭቶ አያውቅም። የተዘጋ መንገድ የሚመኘውም ለዚህ ነበር፤ ፍጥነት ይወዳል፣ በሰው ላይ ግን አይደፍርም።

ነገሩ የጀመረው በጫት መኪና ነው። ድሬዳዋ ላይ የመኪና ውድድር ሊደረግ ነው፣ አንድ ዙር መንገድ ለቀኑ ተዘግቶ ይሰጣል የሚል ወሬ መጣ። በዚያው ሰሞን ከአወዳይ ጫት ጭኖ ሲበር የነበረ አይሱዙ ከከተማ ወጣ ብሎ ተገለበጠ። ሹፌሩ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ፣ መኪናው ለቁራሌ ቀረ። ኤልሳዕ ከቁራሌዎቹ ቀድሞ ደረሰና ቱርቦውን ይዞ መጣ። ቱርቦ ለማያውቀው ሰው ቀንድ አውጣ የሚመስል ብረት ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል፤ እሱ ሲሽከረከር ደግሞ አየር እየጠቀጠቀ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። አየሩ ሲበዛ እሳቱ ይበዛል፣ እሳቱ ሲበዛ ጉልበቱ ይበዛል። ይህን ያስረዳኝ ኤልሳዕ ነው፤ እኔ የማውቀው ስፖንጅና ቆዳ ነው።

መኪናዋ ደግሞ የተገኘችው ሐዋ ግቢ ነው። ከባሏ የቀረ ሌላ 404 ነበራት፤ ጎማ የለውም፣ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል። "ውሰደው ልጄ" አለችው፣ "ወላሂ የዶሮ ኩስ መጥረግ ሰልችቶኛል።" ከጀጎል ለማውጣት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ግድግዳ እንዳይፋቅ ግራና ቀኝ እየጠበቅን በእጃችን ገፋናት። አንዲት ዶሮ ከኋላ ወንበር ሥር ቀርታ ኖሮ ፈረስ መጋላ ስንደርስ በርራ ወጣችና ገበያተኛውን አሳቀችው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሐረር ጫቷን ይዛ ስትቀመጥ፣ ኤልሳዕ መፍቻውን ይዞ ከግድግዳዬ ወዲያ ካለችው ጋራዡ ይገባል። የኋላውን ወንበር፣ የበሮቹን ሆድ ዕቃ፣ መቀነስ የሚችለውን ሁሉ ቀንሶ አቀለላት። ከውሃ ቧንቧ ብረት፣ ብትገለበጥ እንዳትጨፈለቅ፣ ውስጧን እንደ ቀፎ አጠረላት። ቶርኖ ቤት ያለው መሐመድ ቱርቦው የሚታሰርበትን ብረት ሠራለት። መኪናዋ የመጀመሪያ ቀን ስትነሣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩን ራስ ማሸጊያ፣ አቃጠለች። ቀየረላት፤ ደግማ አቃጠለች። በመጨረሻ ፒስተኑ ራሱ ቀለጠ። ኤልሳዕ የቀለጠውን ፒስተን ይዞ መጣና ስፖንጅ ክምሬ ላይ ዝርግፍ አለ። "በቃ አቦ። ይህን የሚችል ፒስተን እዚህ አይገኝም" አለኝ።

ተናኘወርቅ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። እሳቸው ማለት ነበረብኝ፣ በዕድሜም በሀብትም ትበልጠኛለች፤ አፌ ግን እምቢ ካለኝ ቆይቷል። የፍራሽ ፋብሪካ አላት። እኔም ስፖንጅ የምገዛው ከሷ ስለሆነ እያማኋትም ደንበኛዋ ነኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ይህን ልናገር። ኤልሳዕ በታክሲው አሮጊት እናቷን ቤተ ክርስቲያን ሲያመላልስ፣ ደግፎ ሲያወጣ ደግፎ ሲያወርድ ኖሯል። ከብዙ ዓመት በፊት ሴት ልጁ ራሔል ስትወለድ ተናኘወርቅ "ክርስትና የማነሣት እኔ ነኝ" ብላ በሰማንያ ቀኗ ታቅፋት መድኃኔ ዓለም ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አበልጅ ሆኑ። በዓል በመጣ ቁጥር ይጠያየቃሉ፤ እሱም አበልጄ ይላታል፣ እሷም አበልጄ ትለዋለች። ከሥጋ ዘመዱ ጋር የሚካሰስ ሰው ሞልቷል፤ አበልጁን የከሰሰ ሰው ግን እኔ አላየሁም።

ፋብሪካዋን እያሰፋች ነበርና ስሟ ከሐረር ወጥቶ እንዲሰማ ፈልጋለች። የመኪናዋን ወሬ ሰምታ ራሷ ጋራዡ ድረስ መጣች። ነጠላዋን ሰብስባ በግራሶው መሀል ስትራመድ እኔም ነበርኩ።

"አበልጄ፣ የሚያስፈልግህን ንገረኝ" አለችው። "ፒስተኑም ጎማውም ከውጭ ይምጣ። ስፖንሰርህ እኔ ነኝ። አንተ ሠራሃት፣ አንተ ትነዳታለህ፤ እኔ ጎኗ ላይ የፍራሼን ስም ልጻፍባት እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኤልሳዕ እጁ ግራሶ ስለነበረ ሊጨብጣት አልቻለም፤ አጎንብሶ ትከሻዋን ሳመ።

ፍራሽ የምታስተዋውቅ የውድድር መኪና ስትባል ሰፈሩ ሳቀ። "ሹፌሩ መንገድ ላይ እንዳይተኛ" አሉ። ኤልሳዕ ግድም አልሰጠው። ፒስተኑ መጣ፣ ጎማው መጣ፣ ሞተሯ ማቃጠሏን ተወች። ውድድሩ ላይ የምትመዘገበው በስፖንሰሩ ድርጅት ስም ነው ሲባል ያለ አንድ ቃል በተናኘወርቅ ስም አዛወራት። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ።

"ቢያንስ ሁለት ሽማግሌ አስቀምጥና፣ የሚነዳት እሱ ነው የሚለውን ፊታቸው ትድገመው" አልኩት።

ያ ዝምተኛ ሰው ፊቱ ሲቀላ ያን ቀን አየሁ። "የልጄን ክርስትና ባነሣች ሴት ላይ ምስክር ላቁም? ራሔል ብትሰማ ምን ትለኛለች?" አለኝ። ሁለት ቀን ሳያናግረኝ ቆየ።

የሹፌሩን ወንበር የሰፋሁት እኔ ነኝ። ኤልሳዕ አጭር ነው፣ ቀኝ ዳሌውን ከወታደር ቤት ጀምሮ ያመዋል። ጀርባውን ለካሁት፣ ጭኑን ለካሁት፤ ለዳሌው ለስለስ ያለ ስፖንጅ ለብቻው አስገባሁለት። ጎኑን አጥብቄ ያዝኩት፤ መኪናዋ ስትታጠፍ እንዳይንሸራተት። ብዙ ወንበር ሰፍቻለሁ፤ ለአንድ ሰው ገላ ብቻ ብዬ የሰፋሁት ግን እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ከሐረር ወጣ ብላ ካለችው ድሬ ጠያራ ወስደን ሞከርናት። ማሽላው ታጭዶ ነበር፣ መንገዱ ቀጥ ያለና ባዶ ነው፤ ግመሉን ይዞ ከዳር የቆመ አንድ ገበሬ ብቻ ይረግመናል። ከኤልሳዕ ጎን ወንበር ስለሌለ እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ብረቱን ጨብጫለሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አስገባ። ሦስተኛ ላይ ቀጭን ፉጨት መጣ፤ ወዲያው አንድ ነገር ደረቴን ወደኋላ ገፋኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ሰው ወንበርን ሲጫን ነው የማውቀው፤ ያን ቀን ግን ወንበሩ ኤልሳዕን ተሸክሞ ሲበር አየሁ። ኤልሳዕ ሳቀ። ያን ያህል ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"አራተኛ አስገባ እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት።

እግሩን አነሣ። መኪናዋ ቀስ እያለች ቆመች። "አይሆንም" አለኝ፣ አሁንም እየሳቀ። "አራተኛው ለዚያ ቀን ነው። መንገዱ ሲዘጋ።"

ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው መኪናዋ ቀለም ልትቀባ የተናኘወርቅ ፋብሪካ ግቢ ገባች። አንድ ጠዋት የፋብሪካው ፒካፕ ደጄ ላይ ቆመና ያንን ወንበር አወረደልኝ። አብሮት አንድ ረጅም ወጣት ወረደ። እንደሻው እባላለሁ አለኝ፤ የተናኘወርቅ የወንድሟ ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ሲወዳደር የቆየ። ትሑት ልጅ ነው፣ አልዋሽበትም።

"ጋሼ፣ ይቺ ወንበር በጣም ጠበበችኝ። አክስቴ አስፉለት ብላለች" አለኝ። እንዳየው ብሎ ተቀመጠባት፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"ላንተ ለምን ትሰፋለች?" አልኩት።

"የምነዳው እኔ ነኛ" አለኝ፣ መጠየቄ እየገረመው።

ወንበሩን ተሸክሜ ወደ ኤልሳዕ ገባሁና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። ታክሲው ሥር ተኝቶ ነበር፤ ወጣና ወንበሩን ቁጭ ብሎ አየው።

"ለልምምድ ይሆናል" አለ በመጨረሻ። "ልጁ ጎማውን ሊያሟሙቅላት ይሆናል።"

"ጠይቃት።"

"አልጠይቅም።"

"አንድ ስልክ ነው ኤልሳዕ! አንድ ቃል ነው።"

"መጠየቁ ራሱ ስድብ ነው። ቃል ሰጥታኛለች። ብጠይቃት ቃልሽን አላመንኩም ማለቴ አይደለም?" አለኝ። ከዚያ ወንበሩን በመዳፉ ዳሰስ አደረገና፣ "አስፋው ካለች አስፋው። ለኔ ትራስ ስፋልኝ፤ ደርቤ እቀመጥበታለሁ" አለኝ።

ይህን ሲለኝ ልመታው ሁሉ አስቤ ነበር። ግን ምን አደርጋለሁ፣ ወንበሩን አሰፋሁ። ትራሱንም ሰፋሁ፤ ሰማያዊ ቆዳ፣ በቀኝ በኩል ለዳሌው ለስለስ ያለ። ስፖንጁ የተናኘወርቅ ነው፣ ሌላ ከየት አመጣለሁ።

የውድድሩ ቀን ድሬዳዋ ከጠዋት ጀምራ ትፋጅ ነበር። ኤልሳዕ ዕፀገነት የተኮሰችለትን ሸሚዝ ለብሶ ከራሔል ጋር መጣ። ሞተሯን አስነሣ፣ እስክትሞቅ ጠበቃት፣ ዘይቷን አየ፣ ኮፈኑን ዘጋ። ከዚያ ትራሱን ወንበሩ ላይ አነጠፈና ገብቶ ተቀመጠ። አየሁት። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ጀርባውን ደገፍ ሲያደርግ፣ ከሩቅ አገር ቤቱ የገባ ሰው ነበር የሚመስለው። የፈራሁት ሁሉ ከንቱ ነው ብዬ ለአፍታ ራሴን ወቀስኩ።

ተናኘወርቅ ደረሰች። ራሔልን አገላብጣ ሳመች፤ በመስኮቱ በኩል ኤልሳዕንም ሳመችው። ከኋላዋ እንደሻው የፍራሹ ስም የተጻፈበት ቱታ ለብሶ፣ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ ቆሟል።

"እናመሰግናለን ጋሼ። አሁን እኔ ልግባ" አለ።

ኤልሳዕ ልጁን አላየውም፤ እሷን አያት።

"አበልጄ፣ አትቀየመኝ" አለችው። "ማስታወቂያውን የሚሠሩት ሰዎች ወጣት ፊት ይሁን አሉኝ፤ ፖስተሩም በሱ ታተመ። ሌላ ሰው ብትሆን ቀድሜ እነግርህ ነበር። አንተ ግን አበልጄ ነህ፣ ይገባሃል ብዬ ነው።"

እዚያው ቆሜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። እሱ ያልጠየቃት አበልጁ ስለሆነች ነው። እሷም ያልነገረችው አበልጇ ስለሆነ ነው። ያቺ የታቀፈቻት ሕፃን ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና ከአጠገባችን ቆማ፣ ከንፈሯን ነክሳ አንዴ አባቷን አንዴ ክርስትና እናቷን ታያለች። ሰው የማያውቀውን ሰው ያታልላል፤ ይህ ያለ ነገር ነው። ክህደት ግን ይህ ነው፤ እንደማይከስሽ፣ እንደማይጮህብሽ፣ ሰው ፊት እንደማያዋርድሽ አውቀሽ የምታደርጊው።

ኤልሳዕ ወረደ። እንደሻው ሊገባ ሲል ትራሱን አየና አንሥቶ ሰጠው፤ "ጋሼ፣ ይቺን ረሱ" ብሎ። ተናኘወርቅም ስታየው ነበር።

"የካንዴላውን ገመድ ንቀልና ኪስህ ክተት" አልኩት በጆሮው። "እስቲ ማን ያስነሣት እንደሆነ እናያለን።"

"መኪናዋ ምን በደለችኝ?" አለኝ። ዞረና በመስኮቱ በኩል ወደ ልጁ ጎንበስ አለ። "ሦስተኛ ላይ ፉጨቷን ስትሰማ አትቸኩል። ትገፋሃለች። ስትገፋህ አራተኛ አስገባ።"

"እሺ ጋሼ" አለ ልጁ።

መንገዱን ከከለለው ገመድ ወዲህ ከሕዝቡ ጋር ቆምን። አሸነፈች። ባታሸንፍ ይሻለኝ ነበር፤ በዙሩ መሀል ብትቆም፣ ብትነድ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሷ ግን እየጮኸች ሁሉንም አልፋ ሄደች። ሕዝቡ "ፍራሽ! ፍራሽ!" ይላል። በፊታችን ስታልፍ ፉጨቷ ተሰማ፣ ከዚያ ድምጿ ወፈር አለ። ወደ ኤልሳዕ ዞርኩ። ትራሱን በብብቱ ይዟል፤ ግራ እግሩ መሬቱን ረገጠ፣ ፍሪሲዮን እንደሚረግጥ፣ ቀኝ እጁም ትንሽ ተንቀሳቀሰ። አራተኛ አስገባ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

በድምፅ ማጉያው ፋብሪካውን አመሰገኑ፣ እንደሻውን አመሰገኑ። የኤልሳዕ ስም አልተነሣም። መኪናዋን ጭነው ከዚያው ወደ አዲስ አበባ ወሰዷት፤ ሐረርን ዳግም አላየቻትም።

በሚኒባስ ወደ ሐረር ስንወጣ ትራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠ። ደንገጎን ስናልፍ፣ "ብትነግረኝ እኮ" አለኝ፣ "ቁልፉን ራሴ ለልጁ እሰጠው ነበር። ሳቅ ብዬ እሰጠው ነበር። ለምን አልነገረችኝም ዓለሙ?" ትራሱ ከጭኑ ሲንሸራተት አስተካከልኩለት።

እሱ ወደ ታክሲው ተመለሰ። ትራሱን የታክሲው ወንበር ላይ አነጠፈና ከፈላና በር ሸዋ በር፣ ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ፣ በሁለተኛ ማርሽ። ስለሷ አንድ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ እሱ የተወውን እኔ ተክቼ ተሳድቤያለሁ። ስፖንጅ ከሌላ ልግዛ ብዬም ሞክሬ ነበር፤ የመጣልኝ እንደ አሮጌ ዳቦ ሲፈረፈር ተመልሼ ወደሷ ሄድኩ።

በሁለት ሺህ አሥር ራሔል ተዳረች። ልጅቷ ክርስትና እናቷ እንድትጠራ አልፈለገችም። ኤልሳዕ ግን "ክርስትና አይፋቅም ልጄ" አለና ራሱ ሄዶ ጠራት። ተናኘወርቅ መጣች፤ ከኋላዋ ባለ ሁለት ሰው ፍራሽ በሪባን ታስሮ በፒካፕ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት አስቀመጥናት። አርጅታለች፣ የፕላስቲኩ ወንበር አልተመቻትም፤ "ወይ ወገቤ" እያለች ትገላበጣለች።

ኤልሳዕ ወጣ። ከታክሲው ያንን ሰማያዊ ትራስ ይዞ ተመለሰና እንድትነሣ ክንዷን ይዞ አነጠፈላት። አሁን ታውቀዋለች፣ አሁን ቀና ብላ ታየዋለች፣ አንድ ነገር ትለዋለች አልኩ በልቤ።

ተናኘወርቅ ተቀመጠች። ወገቧን አስተካከለች፣ ጠርዙን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች።

"እንዴት ይመቻል አበልጄ! የኛ ስፖንጅ ነው አይደል?" አለችው።

ኤልሳዕ ለአፍታ አያት። እኔም አየኋት፤ በዕድሜዬ እንደሷ ተመቻችቶ የተቀመጠ ሰው አላየሁም።

"አዎ አበልጄ" አላት። "የእናንተው ነው።"

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አነሣና እጇን ሊያስታጥባት ጎንበስ አለ።